ለአንድ ቁጥር ሦስት ሰዓት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጭነት ድርጅት የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ባለፈው ወር የሌሊት ተረኛ የሆነ ባልደረባችን ከሥራ ከመታገድ ለጥቂት ተርፏል። ያስጠረጠረችው «05፡12» የምትል ቁጥር ናት።

ከጅቡቲ የገባ የአንድ መኪና ጭነት ክብደት ከመዝገብ ተሰርዞ ተገኘ። ሰርቨሩ (መዝገቡ የሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር) መሰረዙን 05፡12 ላይ አስፍሯል። ሥራ አስኪያጁ «ከሌሊቱ 5፡12 ነው» አሉ። የሒሳብ ኃላፊዋ ደግሞ «ኮምፒውተር የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል 11፡12 ነው» አለች። በሁለቱም ስሌት ሥራ ላይ የነበረው ያው ምስኪን ተረኛ ነው፤ የሚወጣው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነውና።

ሁለቱም ተሳስተዋል። ሰርቨሩ ውጭ አገር ነው ያለው፤ የሚመዘግበውም በዩቲሲ፣ ማለትም የዓለም አገሮች ሰዓታቸውን በሚለኩበት የጋራ መነሻ ሰዓት ነው። እኛ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን። ስለዚህ ክብደቱ የተሰረዘው በፈረንጅ 8፡12፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡12፣ ቢሮው በሰው ተሞልቶ ሳለ ነው። (የሰረዘውም ሰው ታውቋል፤ ስህተት እንጂ ተንኮል አልነበረም።)

በክርክር ግን ማንንም አላሳመንኩም። የእጅ ሰዓቴን እያየሁ አንድ የሙከራ መስመር በፊታቸው አስገባሁና የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ፦ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት። የሚዛኑን ኮምፒውተር በዚያው መንገድ ስፈትሽ ደግሞ 4 ደቂቃ ዘግይቶ አገኘሁት። ልዩነቱ ሙሉ ሰዓት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የሰዓት ቀጠና ነው፤ እንዲህ ጥቂት ደቂቃዎች ከተንጠለጠሉበት ግን ራሱ ሰዓቱ ተዛብቷል ማለት ነው። የሚዛኑ ኮምፒውተር በኔትወርክ ሰዓቱን ማስተካከል ካቆመ ከርሞ ነበር። ቀኑም ያሳስታል፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት እኛ ዘንድ የሆነው ሁሉ በዩቲሲ የሚመዘገበው በትናንትናው ቀን ነው።

ሥራ አስኪያጁ «እንግዲያው ሰርቨሩን ወደ እኛ ሰዓት ቀይረው» ብለውኝ ነበር። አልተስማማሁም። መዝገቡ በዩቲሲ ይቆይ፤ በስክሪን ላይ ለሰው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ ሰዓት ይቀየር። ችግሩ ቁጥሯ ብቻዋን መቆሟ ነው።

የእናንተን የጨረታ ማስታወቂያ ተመልከቱ፦ «ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት» ይላል። ተጫራቹን ከመሳሳት የምታድነው «ከጠዋቱ» የምትለው ቃል ናት። ኮምፒውተርም ለዚሁ የሚሆን ምልክት አለው፤ ሰዓቱ በዩቲሲ ከሆነ መጨረሻው ላይ ዜድ የምትባለው ፊደል፣ በእኛ የሰዓት ቀጠና ከሆነ +03፡00 ይጻፋል። አይኤስኦ 8601 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ያስቀመጠው አጻጻፍ ነው። ፕሮግራም የምትሸጡልን ወገኖች፣ ይህችን ምልክት እባካችሁ አትቁረጡብን። የምትገዙም ብትሆኑ ከመፈረማችሁ በፊት መዝገቡን አስከፍታችሁ እዩ።

ተረኛው ባልደረባችን ከዚያ ወዲህ በደብተሩ ላይ ሰዓት በጻፈ ቁጥር «ከሌሊቱ» የምትለዋን ቃል ሁለት ጊዜ ያሰምርባታል።

የኮምፒውተር ባለሙያው
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ