ደለሉ ከመዛቁ በፊት ይመርመር

ለአዘጋጁ፦

በግድቦችና በሐይቆች ብክለት ላይ ያወጣችሁት ጽሑፍ የውሃ ናሙናን ብቻ መነሻ ማድረጉ ጎዶሎ ያደርገዋል። እርሳስ፣ ካድሚየምና ዚንክ በአብዛኛው ከ63 ማይክሮን (0.063 ሚሊሜትር) ባነሰ ደቃቅ ጭቃ ላይ ተጣብቀው ስለሚዘቅጡ፣ ውሃው ንጹሕ ሆኖ ደለሉ የተበከለ ሊሆን ይችላል።

ትልቁ ጣጣ የሚመጣው ግን ደለሉ ሲዛቅ ነው። አየር በማያገኘው ጥቁር ጭቃ ውስጥ (የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው ማለቴ ነው) ካድሚየምና ዚንክ ከሰልፋይድ (ከድኝ ውህድ) ጋር ታስረው ይቆያሉ። ጭቃው ተበጥብጦ ኦክስጅን ሲያገኝ ሰልፋይዱ ይፈርሳል፤ ብረቶቹም ወደ ውሃው ይለቀቃሉ።

ስለዚህ ዛቂው ማሽን ከመግባቱ በፊት ከወንዙ መግቢያ፣ ከመሃልና ከግድቡ ግንብ አጠገብ ናሙና በቱቦ ይውጣ፤ በየ2 ሴንቲሜትሩም ተቆርጦ ይለካ። ከላይ የተዘገነ ጭቃ የቀድሞውን ብክለት አያሳይም። ውጤቱ በደቃቅ ጭቃ ውስጥ በተፈጥሮ ከሚበዛው ከአሉሚኒየም መጠን ጋር ይነጻጸር፤ አለዚያ የጭቃው ደቃቅነት ብቻውን ብክለት ሊመስል ይችላል።