አባታችንን ላፈላለጋችሁልን ሁሉ፦ ምስጋናና ይቅርታ

ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ሰኞ ጠዋት አራት ኪሎ ከድል ሐውልቱ አካባቢ የጠፉብን አባታችን በማግስቱ ማክሰኞ አሥር ሰዓት ገደማ በሰላም ተገኝተዋል። ማስታወቂያውን ላጋራችሁ፣ ለጸለያችሁ፣ ዱዓ ላደረጋችሁ፣ በእግራችሁ ለፈለጋችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልን። ማስታወቂያው እስካሁን ከስልክ ስልክ እየዞረ ስለሆነ ስታገኙት እባካችሁ «ተገኝተዋል» በሉልን።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን እንዴት እንደተገኙ የሚጠይቀን ሰው በዝቷል፤ ደግሞም በአንድ «እናመሰግናለን» የማይከፈል ዕዳ አለብን። ከዕዳውም በላይ ይቅርታ የምንጠይቅበት ነገር አለ፤ እደርስበታለሁ።

አባባ ዘጠና ሁለት ዓመታቸው ነው። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ የመርሳት ችግር ገጥሟቸዋል። ቁርስ መብላታቸውን ይረሳሉ፤ እኔን አንዳንድ ቀን በሟች እናታችን ስም ይጠሩኛል። 1933ን ግን አይረሱም። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው፤ ንጉሠ ነገሥቱ የተመለሱት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን። አያታችን ግራዝማች ከመርሐቤቴ ወደ ዱር ሲገቡ አባባ የሦስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ በራስ አበበ አረጋይ ሥር ሲዋጉ ከርመው ሲመለሱ ደግሞ ስምንት። በመካከሉ ተያይተው አያውቁም።

ያን ቀን ሴት አያቴ ልጃቸውን ይዘው እንጦጦ መንገድ ዳር ቆመው ነበር። ጸጉሩ እንደ ጎፈር የተንጨባረረ፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው ከሰልፉ ወጥቶ «ልጄ» ብሎ እጁን ሲዘረጋላቸው አባባ እሪ ብለው እናታቸው ቀሚስ ውስጥ ተወሸቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ይህን የሚያወሩት ለሣቅ ነበር። «ጣሊያን ያላስደነገጠውን ሰው እኔ አስደነገጥኩት» ይሉና መጀመሪያ የሚስቁት ራሳቸው ናቸው። እኛም እንስቃለን። ከሣቁ ሥር ምን እንዳለ ጠይቀናቸው አናውቅም።

በዓሉ ደግሞ የማይታለፍ ነው። በደርግ ጊዜ የድል ቀን ወደ መጋቢት 28፣ አዲስ አበባ ነጻ ወደወጣችበት ዕለት፣ ሲዛወር አባባ መጋቢት 28 ከመሥሪያ ቤታቸው ጋር ይሰለፋሉ፣ ሚያዝያ 27 ደግሞ ፈቃድ ወስደው ብቻቸውን አራት ኪሎ ደርሰው ይመለሳሉ። ማታ ማታ ልጆቹን አሰልፈው ይፈትኑናል። «በላይ ዘለቀ?» «ጎጃም!» «ዑመር ሰመተር?» «ኦጋዴን!» «ዘርዓይ ደረስ?» «ኤርትራ!» የጃገማ ኬሎ ተራ ሲደርስ ታናሽ ወንድሜ ሁልጊዜ ተሽቀዳድሞ «ጊንጪ!» ብሎ ይጮኻል፤ ያቺን አንዷን ብቻ ነበር የሚያውቀው። ስም ብቻ ጠርቶ ያለፈ ከረሜላ አያገኝም። «አገሩን ሳትነግሩኝ ስሙን አትጥሩ» ነበር ሕጋቸው። ይህችን ያዙልኝ።

ወደ ሰኞ ልመለስ። ጥፋቱ የኔ ነው። አርበኞቹ ጎፈራቸውን አድርገው፣ ጋሻና ጦራቸውን ይዘው ሲፎክሩ በስልኬ ልቀርጽ ብዬ የአባባን እጅ ለቀቅሁ። ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ቪዲዮውን ደግመን ያየነው ማታ ነው፤ በግራ በኩል፣ ከሕዝቡ ጀርባ፣ አባባ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ያባታቸውን ሜዳይ ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ወደ ስድስት ኪሎ አቅጣጫ ዝግ ብለው ሲሄዱ ይታያል። እኔ ቀረርቶውን እየቀረጽኩ ነው።

ሰባ ዓመት የኖሩባት ዶሮ ማነቂያ አምና ፈርሳለች፤ አሁን ያለነው ኮንዶሚኒየም ነው። ስለዚህ ወደ ቤት ይመለሳሉ የምንልበት ቤት አልነበረም። ቢሆንም መጀመሪያ የሮጥነው ወደዚያው ነው፤ አጥርና ሜዳ ጠበቀን። አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን «ሃያ አራት ሰዓት ይሙላ» ተባልን። ይህን አላብራራውም፤ ሰውየውም የታዘዘውን ነው የነገረን።

የእድራችን ሰዎች ግን ሃያ አራት ሰዓት አልጠበቁም። እድሩ ከሰፈሩ ጋር የፈረሰ መስሎን ነበር፤ አባላቱ በየኮንዶሚኒየሙ ተበትነዋል። ጥሩምባ ነፊያችን ጥሩምባውን ትቶ ስልኩን አነሣ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከጀሞ፣ ከአያት፣ ከየካ አባዶ የመጡ የድሮ ጎረቤቶቻችን በባትሪ ብርሃን ከፒያሳ እስከ ጉለሌ መንገድ ለመንገድ ይፈልጉ ነበር። ከመካከላቸው ለሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ቃል ያልተለዋወጠ ጎረቤት ነበረ። በምን እንደተጣላን እዚህ ማንሣት ያሳፍራል።

አሁን ይቅርታው። ማስታወቂያውን የጻፍነው እኔና ወንድሜ ነን፤ ሁለት ስሕተት ሠርተናል።

አንደኛው፣ የስልኩን የመጨረሻ ሁለት ቁጥሮች አዘዋውረን ጻፍን። ሳናውቅ ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ታቅፈን ቁጭ አልን፤ አንድም ሰው አልደወለም። «አይ የዘንድሮ ሰው!» አልን። «ፎቶ አይቶ አልፎ ይሄዳል እንጂ ማን ሊደውል!» አልን። እስከ ንጋት ድረስ አገሩን ሁሉ ስናማ አደርን። እናንተ ደግሞ በዚያች ሌሊት እየደወላችሁ ነበር፤ ድሬዳዋ።

ቁጥሩ ቀፊራ ገበያ አትክልት የምትሸጥ የአንዲት እናት ቁጥር ሆኖ ተገኘ። የመጀመሪያውን ጥሪ «ተሳስተዋል» ብላ ዘጋች፤ ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ገባትና የልጇን ደብተር አወጣች። ከዚያ በኋላ የደወለውን ሁሉ «እኔ አይደለሁም» አላለችም፤ ስልኩን፣ ያለበትን ቦታ፣ ያየውን ነገር እየጠየቀች ስትጽፍ አደረች። ሰባ ሦስት ጥሪ። ጎን ለጎን እኛን ስትፈልግ ውላ፣ ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ በእህቴ ልጅ በኩል አገኘችን። የመጀመሪያ ቃሏ፦ «አቦ የት ነው ያላችሁት! ያገር ሰው እኔ ጋር አድሮ እናንተ ተኝታችኋል?» አልተኛንም ነበር፤ ግን ደፍሬ አልመለስኩላትም። አንድ በአንድ አነበበችልን።

ሁለተኛው ስሕተት ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም የእጅ ሳይሆን የልብ ነው። ወንድሜ መጀመሪያ «የመርሐቤቴ ተወላጅ፣ የአርበኛ ልጅ» ብሎ ጽፎ ነበር። እኔ አስጠፋሁት። «ዘመኑን እያየህ! ወገን ለይቶ የሚያይ አለ፣ ባይጠቅም ይጎዳል፣ ዝም ብለህ አዛውንት በል» አልኩት። ትንሽ ተከራከረኝና አጠፋው። አገሩን ሳንናገር ስማቸውን ጠራን።

በደብተሩ ላይ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሽሮ ሜዳ። ወጣት ሴት። እቤታቸው አንድ አባት አሉ፣ ሜዳይ አላቸው፣ ፎቶው ግን ጺም የለውም። የመርሐቤቴው ግራዝማች ልጅ ነኝ ብቻ ነው የሚሉት። ማስታወቂያው ላይ መርሐቤቴ ስለማይል እርግጠኛ አይደለችም።» ልጅቷ የደወለችው ሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ያችን አንዲት ቃል ባላስጠፋት ኖሮ ይህን ያህል ባላመነታች ነበር።

አባባ ከአራት ኪሎ ተነሥተው ስድስት ኪሎን አልፈው፣ በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል፣ ሽሮ ሜዳን አቋርጠው የእንጦጦን ዳገት ጀምረው ነበር። በዘጠና ሁለት ዓመት እግር! ሊመሽ ሲል መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያገኟቸው ከጫካው የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ እናቶች ናቸው። ወዴት እንደሚሄዱ ሲጠይቋቸው «የትም አልሄድ፤ አባቴ ዛሬ ይገባል፣ እየጠበቅሁት ነው» አሏቸው። ከእናቶቹ አንዷ ሸክሟን እዚያው ጥላ፣ የዕለት እንጀራዋን ማለት ነው፣ ክንዳቸውን ይዛ አወረደቻቸው። «አባቶ፣ እዚህ ጅብ አለ፤ ታች ሆነው ይጠብቁት» ብላ ነው ያግባባቻቸው። እኚህን እናት እስካሁን አላገኘናቸውም። ይህን ለሚያውቋቸው የሚያነብላቸው ሰው ካለ፣ የዚያን ቀን ሸክም የእኛ ዕዳ ነው።

ሽሮ ሜዳ ሲደርሱ በሩ ክፍት የነበረ፣ መብራት በርቶ የሽመና ድምፅ የሚሰማበት ቤት ይዛቸው ገባች። የዶርዜ፣ የጋሞ ሰው ነው ባለቤቱ፤ ሃምሳ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጺሙ ረጅም፣ ጸጉሩ ጎፈሬ። ቀና ብሎ ከሥራው ሲነሣ አባባ በሩ ላይ ቆመው አዩት። ከዚያ የሆነውን የነገረችን ልጁ ናት፤ እሱ አፍሮ ለረጅም ጊዜ ሊነግረን አልፈለገም።

አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አባዬ» አሉት፤ «ያን ጊዜ ስላላወቅሁዎ ነው የሸሸሁት። ይቅር ይበሉኝ።»

ሰውየው ዝም አለ። ልጁ «እሱ አይደለም፣ ተሳስተዋል» ልትል አፏን ስትከፍት በእጁ ከለከላት። «ምንም አይደለም ልጄ» አላቸው። «ግባ፤ ብርድ ነው።»

አባባ ገቡ። በሉ፣ ጠጡ። ሸማኔው እየሸመነ የነበረውን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ እስኪተኙ ድረስ እጃቸውን ሳይለቅ። ልጁ እንደነገረችን ያን ሌሊት እሳቸው ስለ ጦርነቱ ሲጠይቁት እሱ «እንዲያው ብርቱ ነበር» ብቻ እያለ አድሯል። ጠዋት ወደ ጣቢያ ወስዷቸው ነበር፤ ስማቸውን ማወቅ ስላልተቻለ እሱው ዘንድ እንዲቆዩ ተደረገ።

በመስከረም 2011 አርባ ምንጭ ላይ እርጥብ ሣር ይዘው ለበቀል በወጣው ወጣት ፊት የተንበረከኩትን የጋሞ ሽማግሌዎች በቴሌቪዥን አይቼ አልቅሼ ነበር። አለቀስኩ፣ ለሰው አጋራሁ፣ ረሳሁ። ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ደግሞ አንዲት የአገር ስም ከአባቴ ማስታወቂያ ላይ በፍርሃት የማስጠፋ ሰው ሆንኩ። ስለ አገር አንድነት ሌላ የምለው የለኝም፤ የምናገርበት አፍም የለኝም። የማውቀው አባባ የዚያን ቀን ለሰማንያ አራት ዓመት ሲጠብቁት የኖሩትን ይቅርታ ከጋሞ ሰው አፍ ማግኘታቸውን ነው።

ሌሎቻችሁንም ሳልረሳ፦ ስድስት ኪሎ ላይ ውሃ ላጠጣቸውና ወዴት እንደሄዱ በትክክል ለጠቆመን ሊስትሮ፤ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ላስነገሩልን የአጥቢያችን ካህናት፤ ከኢሻ ሰላት በኋላ ላሳወቁልን የሰፈራችን መስጊድ ሰዎች፤ ሒሳብ አልቀበልም ላለው የሽሮ ሜዳ ታክሲ ረዳት፤ ፎቶውን አትሞ በነጻ ለሰጠን የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ፤ ሁላችሁንም ከልብ እናመሰግናለን። ሌሊት ያማናችሁ ሰባ ሦስታችሁም ይቅር በሉን። የድሬዋ እህታችን ደብተሩን ልካልናለች፤ ገና ግማሹን ነው ደውለን ያመሰገንነው። ዓረፋን ከአንቺ ጋር እንውላለን ብለናታል፤ ቃላችን ነው።

አባባ ደህና ናቸው። እግራቸው አብጦ ነበር፣ ጎድሏል። የት እንደነበሩ አያስታውሱም። ግን ያቺን የቀሚሱን ታሪክ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀንም አላነሡም።

ባለፈው እሁድ ሽሮ ሜዳ ሄደን ነበር፤ እሳቸውንም ይዘን። ያን ሌሊት ደርቦላቸው የመጡበትን ጋቢ አጥበን፣ አጥፈን፣ ከትንሽ ነገር ጋር ለባለቤቱ አቀረብን። ትንሿን ነገር ከብዙ ልመና በኋላ ተቀበለን። ጋቢውን ግን መልሶ አባባ ትከሻ ላይ ጣለው። «ይሄን የሰጠሁት ለልጄ ነው» አለንና፣ ሃምሳ ምናምን ዓመቱ ሰውዬ፣ እየሣቀ ወደ ሽመናው ተመለሰ።

የአባባ ልጆችና የልጅ ልጆች
አዲስ አበባ፣ ግንቦት 2017 ዓ.ም.