አበልጄ ሆይ፣ እርሳሱን ከቤት አወጣሁት

ሐዋሳ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜና አበልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለቤትህ፣ ልጆችህ፣ እናትህስ እንዴት ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ ስጀምር ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። የፊተኞቹን ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ኑሮ ውድነቱ ገጽ ሞልቼ ዋናውን ነገር ስለዘለልኩት። አሁን ከዋናው ልነሣ። እያቀለጥኩ ለአሣ መረብ ክብደት የማፈስሰውን እርሳስ ከቤት አውጥቼዋለሁ። አንድም ፍሬ አልቀረም።

በ2013 ለጥምቀት ከአዳማ መጥተህ እኛ ዘንድ ያደርክ ጊዜ፣ ከልጁ አልጋ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የደረደርኩትን አይተህ «ይህ ነገር ከልጁ ይራቅ፤ ክብደቱም መርዙም አይታመንም» ብለኸኝ ነበር። እኔ ደግሞ በቤተሰቤ ፊት ያዋረድከኝ መሰለኝና «ከጎሚስታ ቤትህ እየጠረግህ የምትልክልኝ አንተው አይደለህም?» አልኩህ። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ ተነሥተህ ሄድክ። እውነት ነው፣ ከመኪና ጎማ የሚነቀለውን የባላንስ እርሳስ በማዳበሪያ ከረጢት እያሰርክ የምትልክልኝ አንተ ነበርክ። የላክህልኝ ግን ለመረብ እንዳፈስሰው እንጂ በክርስትና ልጅህ ራስ ላይ እንድከምረው አልነበረም። ይህን ለማለት አራት ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይቅርታ አድርግልኝ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ሌሊቱ እኩል ሲሆን፣ ግድግዳው የተደረመሰ የሚመስል ድምፅ ሰማን። መደርደሪያው ወድቆ ነበር። ጣውላው መሃሉ ላይ መጉበጥ ከጀመረ ወራት አልፎታል፤ በየቀኑ እያየሁት ልብ አላልኩትም። ላዩ ላይ የነበረው 140 ኪሎ ነው። ለዓይን ግን ምን ያህላል መሰለህ? ሁለት የአምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ብትሞላበት ሦስተኛው ግማሽ ላይ ያልቃል። የሚያታልለው ይኸው ነው፤ የእርሳስ አንዱ ሊትር ከ11 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ዓይናችን በውሃና በእህል የለመደ ስለሆነ ትንሽ ክምር ሲያይ ትንሽ ክብደት ይገምታል።

ልጁ ጉንፋን ይዞት ያን ሌሊት ከእናቱ ጋር ነበር የተኛው። በማግሥቱ አልጋውን አየሁት። ብረቱ ተቆልምሟል። ትራሱ አጠገብ የተወው ደብተር ላይ የአንዱ የእርሳስ ጡብ ጥግ ከሽፋኑ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ጎድጉዶ ታትሟል። ደብተሩን አልጣልኩትም፤ ስትመጣ ታየዋለህ።

የባሰውን ግን ያገኘሁት ትራሱን ሳነሣ ነው። በካልሲ የተጠቀለለች ትንሽ የእርሳስ ፍሬ ነበረች። «ባጃጄ ናት» አለኝ፤ በአንሶላው ላይ ሲነዳት ይከርም ነበር ለካ። አንዱ ጥጓ ያብረቀርቃል፣ ሌላው ጥጓ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። እርሳስ ለስላሳ ነው፣ የወተት ጥርስ እንኳ ይቀርጸዋል። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አፍ የገባውን እርሳስ የትንሽ ልጅ ሰውነት ከአዋቂው አራት አምስት እጥፍ አብልጦ እንደሚወስድ፣ ጉዳቱም አእምሮ ላይ እንደሚያርፍ፣ በደም ውስጥ ቢገኝ ምንም ጉዳት የለውም ተብሎ የተቆረጠ መጠን እንደሌለ የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። ሐኪም ዘንድ ወስደነዋል። ደህና ነው፣ ክትትሉንም አላቋረጥንም። እናቱ ግን ለብዙ ቀን አላነጋገረችኝም፤ እውነት አላት። የማቅለጫ ልብሴን ከልጁ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ስታጥብልኝ የኖረችው እሷ ናት፣ ዱቄቱ በልብስ እንደሚዞር ደግሞ አልነገርኳትም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ጀመርኩ። በሙሉ ስመዝነው 340 ኪሎ ሆነ። ግማሹ አንተ የምታውቃቸው ትልልቆቹ ናቸው፤ በአሮጌ ድስት አፍስሼ ያቀዘቀዝኳቸው፣ አንዳንዱ 23 ኪሎ የሚመዝን፣ መያዣ የሌለው፣ ጠርዙ ጣት የሚቆርጥ። ያን ጊዜ ትልቅ ማፍሰስ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። እርሳስን አስቸጋሪ የሚያደርገው መጠኑ ሳይሆን መጨበጫ ማጣቱ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ትከሻ ላይ ይተኛል፣ ይታቀፋል፤ እርሳስ ግን ክብደቱን ሁሉ ጣትህ ጫፍ ላይ ያሳርፈዋል፣ ካመለጠህ ደግሞ የሚያገኘው እግርህን ነው። ስለዚህ ሁሉንም እንደገና አቅልጬ በኬክ መጋገሪያ ቆርቆሮ አንድ አንድ ኪሎ አደረግኋቸው። አሁን በአንድ እጅ ይነሣሉ፣ ድስት ውስጥም በቀስታ ይገባሉ።

ግራ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ ታውቀዋለህ፤ ከየት እንደመጣ ግን ነግሬህ አላውቅም። በክረምት ከጣሪያው ጠፈጠፍ ሥር የከረመ ጡብ በቀለጠ እርሳስ ውስጥ ከትቼ ነው። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል። ስንጥቁ ውስጥ የቀረች ጠብታ ውሃ ከቀለጠው እርሳስ ሥር ስትገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ከ1,600 እጥፍ በላይ ትለጠጣለች፤ ከላይዋ ያለውን ሁሉ ወደ ፊትህ ትረጨዋለች። ዓይኔን ያተረፈልኝ ቆቤን ለማንሣት ዘወር ማለቴ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዱን ጡብ አስቀድሜ እሳቱ ዳር ለሰዓታት አደረቅሁት፤ የማቅልጠውም በረንዳ ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ፣ ከባድ የቆዳ ጓንትና መነጽር ለብሼ ነበር። ከላይ የሚገፈፈውን ግራጫ ዱቄት መሬት ላይ መድፋት ትቼ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ዘጋሁበት። ለአፍና ለሳንባ ከጡቡ ይልቅ የሚከፋው እሱ ነው።

ከአጎቴ ግቢ ጀርባ ያለችው የብሎኬት ክፍል ትዝ ትልሃለች? ወለሏ ሲሚንቶ ነው፣ ጣሪያዋ አያፈስም፣ በሯ ይቆለፋል። እዚያ ነው ያዛወርኩት። አንድ የባጃጅ ሾፌር በአንድ ጊዜ ሁሉንም ልውሰድልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ 340 ኪሎ ማለት አምስት ሰው ነው፣ ያውም እግር ማሳረፊያው ላይ በአንድ ቦታ የተከመረ። ድንገት ፍሬን ቢይዝ ያ ሁሉ ወደ ፊት ነው የሚንሸራተት። በእጅ ጋሪ፣ ጎማዋን በደንብ አስነፍቼ፣ በየዙሩ 60 ኪሎ ያህል ልክ ጎማዋ ከምትዞርበት ዘንግ በላይ እያሳረፍኩ፣ ስድስት ጊዜ ተመላለስኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ወገቤ ግን ደህና ነው፤ ድሮ አንዱን ትልቅ ጡብ ጎንበስ ብዬ ሳነሣ ሳምንት ተኝቼ እንደነበር ታስታውሳለህ፣ አንተ ነህ ወደ ወጌሻ የወሰድከኝ።

አሁን በፕላስቲክ የቢራ ሳጥን ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ሳጥን 20 ኪሎ ብቻ። ሳጥኑ ባዶ ነው ማለት ይቻላል፣ ሥሩን እንኳ በወጉ አይሸፍነውም። ሳይመዝን የሚያነሣው ሰው እንዳይሰበር በቀይ ቀለም «20 ኪሎ እርሳስ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ከወለሉ ትንሽ ከፍ ባለ ፓሌት ላይ፣ አንዱን በሌላው ላይ ሳልደርብ ዘርግቻቸዋለሁ። እርጥበት ያገኛቸው አንዳንዶቹ እንደገና ሳላቀልጣቸው በፊት ነጭ ዱቄት አውጥተው ነበር፤ በብሩሽ ከመፈግፈግ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ ጨርቁን ለብቻ አኖርኩት። ጠርጌ ስጨርስም ከማቅለጡ በፊት እንደገና አደረቅኋቸው። የሥራ ልብሴ እዚያው ተሰቅሎ ይቀራል። እጄን በሳሙና ሳልታጠብ እንጀራ አልነካም። ልጁ ቁልፉ የት እንዳለ አያውቅም።

አሞራ ገደል ያሉት አሣ አጥማጆች አሁንም የመረብ እርሳስ ይጠይቁኛል። ከላይ ቡሽ፣ ከታች እርሳስ ካልሆነ መረቡ ውሃ ውስጥ አይቆምም፤ ቆሮሶው በሥሩ ያልፋል። ስለ ሐይቁም ማሰብ ጀምሬያለሁ። ወደ ሐይቃችን የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ የወደቀው እዚያው ይቀራል። እንግሊዞች ዝይ የሚመስሉት ትልልቅ ነጭ የውሃ ወፎቻቸው ትንንሽ የመንጠቆ እርሳስ ከጠጠር ጋር እየዋጡ በብዛት ስለሞቱባቸው በ1987 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ28 ግራም በታች ያለውን ከልክለዋል። እኔም የባቄላ ፍሬ የሚያህለውን ለመንጠቆ መሥራት ትቻለሁ። ለመረብ የማፈስሰው ትልቁን፣ ገመዱ ላይ ተጠምጥሞ የሚጠበቀውን ብቻ ነው። አንዳንዶቹ ቅር ብሏቸዋል፤ ለነሱ ጠጠር ቀዳድቼ ሰጥቻቸዋለሁ።

እንግዲህ ደፍሬ ልጠይቅህ። ብትፈቅድ እንደ ድሮው ላክልኝ። ከረጢቱን ግን ከ20 ኪሎ አታሳልፈው፤ የአውቶቡሱ ረዳት ከጣሪያ ላይ ሲያወርደው እያየሁ ስንት ጊዜ ልቤ ተሰቅሏል። ቀላቅለህም አትላክ። አሁን አሁን ከጎማ የሚነቀለው ሁሉ እርሳስ አይደለም፤ ዚንክም ብረትም አለበት። በፒንሳ ስትቆነጥጠው የሚቆረጠው እርሳስ ነው፣ የፒንሳው ጥርስ የማይገባበትን ለይልኝ። ብረቱስ እርሳሱ ሲቀልጥ ሳይቀልጥ ላዩ ላይ ስለሚንሳፈፍ በማንኪያ እገፈዋለሁ፤ ዚንክ ግን እሳቱ ከበረታ አብሮ ቀልጦ ሙሉውን ድስት ያበላሽብኛል። አሮጌ ባትሪ የሚያመጣልህ ሰው ካለ ደግሞ እባክህ እንዳትከፍተው፣ ለኔም አትላክ። አሲዱ አንድ ነገር ነው፣ ውስጡ ያለው ዱቄት ሌላ።

ወይም ከረጢቱን ራስህ ይዘኸው ና። ልጁ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ሦስተኛ ክፍል ገብቷል፤ የክርስትና አባቱ ለምን እንደማይመጣ ሲጠይቀኝ መልስ አጥቼ ነበር፣ በቀደም ግን እውነቱን ነገርኩት። አዲሱን አልጋ ከመስኮቱ ሥር አድርገንለታል። ከላዩ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው፤ አንተ መጥተህ የሚሰቀልበትን ነገር እስክትመርጥለት እንዲሁ ይቆያል ብሏል።

አበልጅህ፣ ከሐዋሳ