ለአባባ፦ ስለዚያ መጽሐፍና ስለ ልጁ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ «ልጁን አታስጨንቂው፣ ስለ ጥቁርና ነጭ እያወራሽ ልጅነቱን አትንጠቂው» ብለውኝ ነበር። እርስዎ እየጮሁ፣ እኔ እየጮህኩ፣ ምንም ሳንግባባ ኔትወርኩ ጠፋ። ስለዚህ ልጻፍልዎ ብዬ ነው። ደብዳቤ ላይ ማቋረጥ አይችሉም።

ነገሩ የተነሳው ትምህርት ቤት ለልጄ ከሰጡት መጽሐፍ ነው። «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ይባላል፣ ሃርፐር ሊ የምትባል፣ ከአሜሪካ ደቡብ ከአላባማ ግዛት የሆነች ሴት የጻፈችው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1960 ታተመ፣ በዓመቱ ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቅ የአሜሪካ ሽልማት ወሰደ። እዚህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ስምንተኛ ወይ ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያስነብቡታል። ታሪኩን የምትነግረን ስካውት የምትባል ትንሽ ልጅ ናት። አባቷ አቲከስ ጠበቃ ነው። ዘመኑ 1930ዎቹ፣ ቦታው ሜይኮም የምትባል በምናብ የተፈጠረች የአላባማ ከተማ።

ክሱን ግን በደንብ ልንገርዎ፣ ዕድሜዎን በችሎት የጨረሱ ሰው ነዎትና።

ቶም ሮቢንሰን የሚባል ጥቁር ሠራተኛ ማዬላ ዩዌል የምትባል ነጭ ልጅ ደፍረሃል ተብሎ ይከሰሳል። ሐኪም አላያትም። አባቷ አልጠራም፣ ሸሪፉም፣ ማለት የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ፣ አልጠራም። እርስዎ ቢሆኑ ገና እዚህ ላይ መነጽርዎን አውልቀው ዐቃቤ ሕጉን ያፋጥጡት ነበር። የተመታችው በቀኝ በኩል ፊቷ ላይ ነው፣ ፊት ለፊቷ የቆመ ግራኝ መታት ማለት ነው። አቲከስ አባቷን ፖስታ ላይ ስምህን ጻፍ ይለዋል፤ ሰውዬው በግራው ይጽፋል። ቶም ደግሞ ግራ እጁን በልጅነቱ የጥጥ መዳመጫ ማሽን ይዞበት ሽባ ነው። አለቀ እኮ! ግን ቶም በነጻ ለምን ትሠራላት ነበር ሲባል «አዝኜላት ነው» አለ። ጥቁር ለነጭ ማዘኑ እዚያ አዳራሽ ውስጥ ከክሱ የባሰ ድፍረት ሆነበት። አሜሪካ ውስጥ ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉት ዳኛው ሳይሆኑ ጁሪ የሚሏቸው 12 ሰዎች ናቸው፣ የቶም ጁሪዎች ደግሞ ሁሉም ነጭ ወንዶች። ጥፋተኛ አሉት። በኋላ ከእስር ቤት አጥር ሊዘል ሲሮጥ በጥይት ተገደለ፤ 17 ጥይት ነው የተገኘበት።

የፈጠራ ነገር ነው ብለው እንዳይተዉት። በ1931 እዚያው አላባማ፣ ስኮትስቦሮ ላይ፣ ዘጠኝ ጥቁር ታዳጊዎች ባቡር ላይ ሁለት ነጭ ሴቶች ደፍራችኋል ተብለው ተከሰው ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ስምንቱ ሞት ተፈረደባቸው። ከሴቶቹ አንዷ በ1933 ፍርድ ቤት ቀርባ «ውሸት ነው፣ አልነኩንም» አለች፣ ጁሪው ግን አሁንም ጥፋተኛ አለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ሞቱ ቀረላቸው፣ እስር ቤት ያለቀው ዕድሜያቸው ግን አልተመለሰላቸውም። ለመጨረሻዎቹ ሦስቱ አላባማ ይቅርታ ያደረገችው በ2013 ነው፣ ሁሉም ከሞቱ በኋላ።

አሁን ወደ ልጅነቱ ልመለስ። ስካውትና ወንድሟ ጄም ችሎቱን ያዩት ጥቁሮች ከሚቀመጡበት ሰገነት ላይ ሆነው ነው። ፍርዱ ከተሰማ በኋላ ጄም እያለቀሰ ይሄዳል። አንባቢው ሁሉ ልጅነት የተሰበረው እዚህ ጋ ነው ይላል፣ እውነትም ልብ ይነካል። እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ቶም ሦስት ልጆች ነበሩት። አቲከስ የባሏን ሞት ለቶም ሚስት ለሄለን ሊያረዳ የሄደ ቀን አንዲት ሕፃን ደረጃው ላይ ትቆማለች፣ ጣቱን ይሰጣትና ይዛ ትወርዳለች። ከእንዲህ ዓይነት ቁንጽል ነገር በቀር ስለ እነዚያ ልጆች የምናውቀው የለም። ጄም 13 ዓመት እስኪጠጋ ድረስ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ብሎ ማመን ይችል ነበር። የቶም ልጆችን ማን እንዲህ ብሎ ነገራቸው?

የእኔ ልጅ መጽሐፉን ሲያነብ በጄም ዓይን ነው የሚያየው፣ ደራሲዋ እንደዚያ አድርጋ ነው የጻፈችው። ሜይኮም ውስጥ ቢኖር ግን የሚደመረው ከቶም ልጆች ጋር ነው። እርስዎ «እኛ ኢትዮጵያውያን ነን፣ ያ የእነሱ ጣጣ ነው» ይሉኛል። አባባ፣ መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ስለ ዓድዋ አይጠይቀውም። ልጁ 14 ዓመቱ ነው፣ ቁመቱ እኔን አልፎኛል፣ ድምፁ ጎርንኗል። «ፖሊስ ካስቆመህ እጅህን ከኪስህ አውጣ፣ አትሩጥ፣ አትመልስ» ያልኩት ይህን መጽሐፍ ከማንበቡ በፊት ነው። እዚህ ያሉ ጥቁር እናቶች ሁሉ ይሉታል። እና መጽሐፉ ምን ነጠቀው? እንዲያውም ለምን እንደዚያ እንደምለው ሳልጨቀጭቀው ገባው።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠለትም፣ እሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ። መጨረሻው ላይ የማዬላ አባት ስካውትንና ጄምን በጨለማ ሊገድል ይመጣል፣ ከቤት የማይወጣው ጎረቤታቸው ቡ ራድሊ ደርሶ ይገድለውና ያድናቸዋል። ሸሪፉ «ገዛ ቢላዋው ላይ ወድቆ ነው የሞተው» ብሎ ነገሩን ይዘጋል። ቡን ችሎት አላቆምም ይላል። አብዛኛው ሰው ይህን ደግነት ነው ብሎ ያልፈዋል። ልጄ ግን «ለነጩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሕጉ ከታጠፈለት፣ ቶም ያን ሁሉ ማስረጃ ይዞ እንዴት ዝም ብሎ ተፈረደበት?» አለኝ። እኔ የራሴ መልስ አለኝ፣ እሱ ግን «አያቴ ዳኛ ስለነበሩ እሳቸውን ነው የምጠይቀው» ብሎ ድርቅ ብሏል።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይደውልልዎታል። አማርኛው ይንቀረፈፋል፣ ይታገሡት። «ተወው፣ ትምህርትህን ተማር» ብቻ እንዳይሉት። ሸሪፉ ልክ ነበር አልነበረም፣ ቁርጡን ይንገሩት።

የግፊት መድኃኒትዎን አይዝለሉ።

ልጅዎ