ለአስር አለቃ አንድ መስመር አይበቃም

ውድ አዘጋጅ፣

ባለፈው ወር ደብረ ሲና ላይ አንድ አዛውንት ቀብረናል። ቤተሰቡ ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ ስላልፈለገ እኔም እንደ ከተማው ሰው አስር አለቃ እላቸዋለሁ። ቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነበበ። የት እንደተወለዱ፣ መቼ ትዳር እንደያዙ፣ ስንት ልጅና የልጅ ልጅ እንዳዩ ተዘረዘረ። የአሥራ አራት ዓመት ውትድርናቸው ግን «በውትድርና ሙያ አገራቸውን አገልግለዋል» ተብሎ በአንድ መስመር ታለፈ። ይህን ስሰማ አንጀቴ አረረ።

አስር አለቃ በ1969 የእናት አገር ጥሪ ሲታወጅ ከዘመቱት ገበሬዎች አንዱ ነበሩ። ታጠቅ ጦር ሰፈር ሠለጠኑ፤ ከዚያ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ። ጅጅጋ መስከረም 1970 ላይ በሶማሊያ ጦር እጅ ወድቃ ነበር። የካቲት 26 ቀን እዚያው አጠገብ ካራማራ ተራራ ላይ ድል ሲገኝና ከተማዋ ስትመለስ እሳቸው እዚያው ነበሩ።

ስለ ጦርነቱ ብዙ አያወሩም። የካቲት 26 ሲደርስ ብቻ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ሲሰበሰብ፣ አንዳንድ ነገር ይወጣቸዋል። ጀብዱ አይደለም የሚያወሩት። ጥሙን ነው። ኮቾሮውን፣ የወታደሩን ብስኩት፣ በደረቁ መዋጥ ሲያቅታቸው አፋቸው ውስጥ ይዘው እስኪርስ ይጠብቁ ነበር። አንድ የወላይታ ልጅ ኮዳው ውስጥ የቀረችውን ውኃ አካፍሏቸዋል። ልጁ ከካራማራ አልተመለሰም። አስር አለቃ የበኩር ልጃቸውን በእሱ ስም ጠሩት። ደብረ ሲና ላይ እንግዳ ስም ስለሆነ ሰው ሁሉ «ከየት አመጣችሁት?» እያለ ይጠይቅ ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «የወንድሜ ስም ነው።»

ኋላ ሰሜን ግንባር ላይ ግራ እጃቸውን ቆሰሉና ወደ ልብስ ስፌት ክፍል ተዛወሩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጃቸውን ገቡ። ጡረታቸውን ለማስከበር ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው ተመላለሱ፤ ማስረጃ አምጣ ተባሉ፤ ማስረጃው ከክፍሉ ጋር ጠፍቷል። «የደርግ ወታደር» እየተባሉ መሰደባቸውም አልቀረ። ልክ አልነበረም። ያ ገበሬ የዘመተው አገር ተነካ ተብሎ ነው።

እሳቸው ግን በዱቤ አንድ ሲንጀር የስፌት መኪና ገዝተው መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ከጣርማ በር የሚወርደው አውቶቡስ ቆሎ ሊገዛ ሲቆም መኪናቸው ትታየዋለች። ሁለቱ ጣቶቻቸው አይታጠፉም። ጨርቁን በመዳፋቸው ጫን አድርገው ነበር የሚገፉት፤ ስፌቱ ግን ዝንፍ አይልም። የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፉ እጥፉን አራት ጣት ያህል ያስቀሩለታል። ልጁ ሲያድግ እናቱ ይዛው ትመጣለች፤ አስር አለቃ ይፈቱትና ያስረዝሙታል፤ ሳንቲም አይቀበሉም። እኔም በዚያ ዩኒፎርም ነው የተማርኩት። ልጆቻቸውንም ከዚያች በረንዳ አስተምረው ለወግ ለማዕረግ አብቅተዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ ደግሞ እሳቸው ግንባር በነበሩበት ዘመን ሁሉ ቤቱን ብቻቸውን ይዘው ቆይተዋል። የእትዬም ታሪክ አልተነበበም።

አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት፣ ለዚያ የምሥራቅ ጦርነት መታሰቢያ የሆነው የትግላችን ሐውልት ቆሟል። ደግ ነው። ደብረ ሲና ያለ ተማሪ ግን ካራማራን የሚያውቀው እንደ አስር አለቃ ካሉ ሰዎች አፍ ነው። እነሱም እያለቁ ነው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው አንድ ነገር አለ። ለቀድሞ ወታደሮች ታሪክ አንድ አምድ ክፈቱ። ከየካቲት 26 በፊት ጋዜጠኛ ወደየወረዳው ላኩ። በእኛ ከተማ ብቻ በምሥራቅም በሰሜንም የተዋጉ አባቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። እኔ ቤታቸውን አሳያለሁ፤ ማደሪያም አናጣም።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ሲና