የዩሪያ ዋጋ የሚወሰነው በሃይድሮጅኑ ነው

ለክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ስለ ማዳበሪያ በሚወጡ ጽሑፎች ዩሪያ «ከአየር የሚሠራ» ምርት እንደሆነ ይነገራል። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ግማሹን ብቻ ስለሚናገር፣ የዩሪያ ዋጋ ለምን የተፈጥሮ ጋዝን ዋጋ እየተከተለ እንደሚወጣና እንደሚወርድ አንባቢው እንዳይረዳ ያደርገዋል፤ ስለሆነም ይህን ማብራሪያ እንዲያትሙልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአየር የሚወሰደው ናይትሮጅኑ ነው። ናይትሮጅን የአየር 78 በመቶ ስለሆነ እጥረት የለበትም፤ ነገር ግን ሁለቱ አተሞቹ እጅግ ጠብቀው ስለተያያዙ ተክል እንዳለ ሊጠቀምበት አይችልም። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ፍሪትዝ ሃበር እ.ኤ.አ. በ1909 ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን አዋሕዶ አሞኒያ ማግኘት እንደሚቻል በቤተ ሙከራ አሳየ፤ መሐንዲሱ ካርል ቦሽ ደግሞ በ1913 ኦፓው በተባለ የጀርመን ስፍራ ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። የቦሽ ፈተና ቀላል አልነበረም፤ የጋለው ሃይድሮጅን ወደ ብረቱ ዘልቆ ካርቦኑን ስለሚያወጣበት ጋዞቹ የሚዋሐዱበት ጋን (ሪአክተሩ) ግድግዳው እየተሰነጣጠቀ ይፈነዳ ነበር። ውስጡን ካርቦን በሌለው ለስላሳ ብረት ለብጦ፣ ዘልቆ የሚያልፈው ጋዝ እንዲተነፍስ የውጭውን ግድግዳ በትንንሽ ቀዳዳዎች በመብሳት ችግሩን ፈታው።

ዛሬም ሁለቱ ጋዞች ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀትና ከከባቢ አየር ከመቶ እጥፍ በላይ በሆነ ግፊት በብረት ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ውሕደቱን በሚያፋጥን ነገር) ላይ ያልፋሉ። በአንድ ዙር ወደ አሞኒያ የሚለወጠው 15 በመቶ ገደማ በመሆኑ፣ አሞኒያው ቀዝቅዞ ከተለየ በኋላ የቀረው ጋዝ ደጋግሞ ይመለሳል።

ወጪው የሚከብደው ከዚህ በፊት ነው። ሃይድሮጅኑ በአብዛኛው የሚገኘው የተፈጥሮ ጋዝን በከፍተኛ ሙቀት ከእንፋሎት ጋር በማገናኘት ሲሆን፣ ያንኑ ሙቀት ለማግኘትም ጋዝ ይቃጠላል፤ ማለትም ጋዙ ጥሬ ዕቃም ነዳጅም ነው። በሂደቱ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለይቶ ከአሞኒያው ጋር ሲዋሐድ 46 በመቶ ናይትሮጅን የያዘው ዩሪያ ይገኛል። አንዳንዶች ይህን ካርቦን እንደ ማስቀረት ቢቆጥሩትም እኔ አልስማማም፤ ዩሪያው አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተመልሶ ይለቀቃልና።

ሃይድሮጅንን ውኃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ ማግኘት ይቻላል፤ ኤሌክትሪኩ ከነዳጅ ካልመጣ በእርግጥ ትልቅ መሻሻል ነው። ሆኖም በዚህ መንገድ የሚገኘው አሞኒያ እንጂ ዩሪያ አይደለም፤ የተፈጥሮ ጋዙ ሲቀር ለዩሪያው የሚያስፈልገው ካርቦን ዳይኦክሳይድም አብሮ ይቀራልና። ስለ «አረንጓዴ ዩሪያ» የሚዘግቡ ጋዜጠኞች ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከየት እንደሚመጣ አምራቾቹን እንዲጠይቁልን አደራ እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጋዜጣው አንባቢ