ዓመቱንም ደመወዙንም ንገሯቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት። ሐኪም ካልሆንኩ ትላለች። ደስ ይለኛል፣ ግን ያስጨንቀኛል። ሕክምና 6 ዓመት ገደማ ይፈጃል፣ ስፔሻሊስት ልሁን ካለች ሌላ 3 ወይም 4 ዓመት አለ፤ በ2017 ግንቦት ደግሞ ሐኪሞቹ ደመወዛችን አልበቃንም ብለው ሥራ ማቆማቸውን ሁላችንም ሰምተናል። የእህቴ ልጅ ሐኪም ነው። ተረኛ ሆኖ አድሮ ዓይኑ ቀልቶ ይመጣል፣ የቤት ኪራይ ከከፈለ በኋላ ወሩን የሚጨርሰው በብድር ነው። እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ በር የሚበይደው የጎረቤታችን ልጅ ግን በቴክኒክና ሙያ ተምሮ፣ ገና በ22 ዓመቱ የእናቱን ቤት ቆርቆሮ ቀየረላት። ሕክምናን ተዉት አላልኩም፤ ያለ ሐኪም ማን ይኖራል? ብቻ መምህራን ፎርም ከማስሞላታቸው በፊት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ ስንት እንደሚከፈል ለልጆቹ ቁጭ አድርገው ይንገሯቸው።

አንዲት እናት፣ ከጅማ